አባትሽ ሰላም ይልሻል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኖርዌይ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ካምፕ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለእትዬ ዘመነች፦

የጌታ ሰላም በቤታችን ሁሉ ይብዛ። እኔ ብርዱን ካልቆጠርነው በጣም ደህና ነኝ።

በወረቀት መጻፌን አይተው አይሳቁብኝ። ገና ስንገባ ስልካችንን በቅርጫት ሰበሰቡና ወሰዱት፤ የሚመልሱልን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለእረፍት ወደ ካምፑ የሚመጡት ልጆች ስልክ ይዘው ስለማይመጡ እኛ አገልጋዮቹም እንዳንይዝ ነው። ካምፑ ተራራ ሥር ስለሆነ መደወል አይሞከርም፤ በቢሮው ዋይፋይ ግን ፎቶና ድምፅ ይሄዳል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ እጽፍና ቅዳሜ ፎቶ አንስቼ በወንድሜ በዮኤል ቴሌግራም እልካለሁ። እርስዎም ጽፈው ለዮኤል ይስጡት። አባዬ ስልክ ላይ ማንበብ ስለማይወድ ዮኤል ፕሪንት አስደርጎ ይስጠው።

ልጆቹ ስልሳ ናቸው፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት። እኔ የስምንት ሴቶች ልጆች ክፍል ኃላፊ ነኝ። መዝሙር አስተምራለሁ፣ ሲዋኙ ዳር ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ። የካምፑን ኃላፊ ሁሉም ሰው፣ የስድስት ዓመት ልጇ ሳይቀር፣ «ኢንግሪድ» እያለ ነው የሚጠራት። እኔ «እትዬ» የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁላትና ሦስት ቀን ሙሉ በስሟ ሳልጠራት ቆየሁ። ምሳ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ካራሜላ የሚጣፍጥ ቡናማ አይብ ያደርጋሉ። ሳህን የምናጥበው በተራ ነው። ትናንት ተራው የኢንግሪድ ነበርና ልነጥቃት ስሞክር ተቆጣች።

አባዬ ደረቱን ይወጋኛል ያለውን ታየ? «እሺ እሄዳለሁ» ብሎ ነበር የሸኘኝ። እባክዎን ይግፉት።

ልጅዎ ኤልሲ

*

ሐሙስ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለልጄ ለኤልሳቤጥ፦

እንደምን ከረምሽልኝ የኔ ዓለም? የጠበቀሽ አምላክ ስሙ ይባረክ። ደብዳቤሽን ዮኤል ሲያመጣው በርበሬ እያስለቀምኩ ነበርና እጄን ሳልታጠብ ልቀበለው ስል ተቆጣኝ። ለሠራተኞቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። ሳህን የምታጥበዋን አለቃ ሲሰሙ ሳቁ፣ አንዷ ግን «እኔስ እዚያ ነበር የሚያስፈልገኝ» አለች።

ልጄ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ሆድ ያሳምማል። ምጥን ሽሮ ቦርሳሽ ጥግ ላይ ከትቼልሻለሁ፤ ፈልጊው። ክረምቱ ገብቷል፣ አጠና ተራ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። አባትሽ ግን «ዘንድሮ ሰው በክረምትም ቤት ይሠራል» እያለ በጠዋት ወጥቶ የአጠና ሱቁን ይከፍታል። ሐኪም ቤት ሰኞ እኔው ራሴ እጁን ይዤ ወስጄዋለሁ። መድኃኒት ሰጥተውታል። ከዚህ በታች ልጻፍ ብሎ ወረቀቱን እየጎተተብኝ ነውና ለቀቅኩለት።

*ኤልሲዬ፣ ይቺ አክስትሽ ወሬ አታስተርፍም፤ ለእኔ የደረሰችኝ ይቺ ጥግ ናት። ሐኪሙ አጠና አትሸከም ነው ያለኝ፣ ሌላ ነገር የለም። ተሸካሚ ለምን እቀጥራለሁ ታዲያ? የሰዎቹን ሁኔታ ሁሉ ጻፊልኝ። አይብ ይጣፍጣል ያልሽውን አላመንኩም። አባትሽ ወንድሙ።*

*

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፕ

ለእትዬና ለአባዬ፦

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። የአባዬን ጽሑፍ ሳይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ሽሮውንም አገኘሁት።

የሰዎቹን ሁኔታ ጻፊ ስላልከኝ አባዬ ይኸው። መጀመሪያ ራሴን አዋርጄ ልጀምር። ከልጆቼ አንዷ ማያ ትባላለች፤ አሥር ዓመቷ ነው፣ ምግብ አትበላም። ሰኞ ምሳ ላይ ዳቦዋን ቆርሼ አጎረስኳት። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ መብላት አቆሙ። ማያ ደንግጣ ዋጠችው። በኋላ ኢንግሪድ ጠርታ «እዚህ ልጅን ከመንካትሽ በፊት ትጠይቂያለሽ። ‹አልፈልግም› ካለች አለቀ» አለችኝ። እኔ «ልጅ ‹አልፈልግም› ብላ ታውቃለች እንዴ?» አልኩ። ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ማያ፣ ላቅፍሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ እሺ ትላለች፣ አንዳንዴ እንቢ። እንቢ ስትል ያመኛል፤ እሺ ስትል ግን እቅፏ ሌላ ነው።

ደግሞ ይህን ስሙ። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ሱልቬግ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። «ድንቹ በሰለ?» ስላት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ልክ እንደ እኛ «አዎ»! እኔም መልሼ ሳብ አደረግሁ። ተያይተን ሳቅን። እነሱም እንዲህ ናቸው ለካ! ከእንግዲህ ከእሷ ጋር በትንፋሽ ነው የምናወራው።

አባዬ፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ውሰድ። አጠና እንዳትነካ።

ኤልሲ

*

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለውድ ልጃችን ለኤልሳቤጥ፦

በጌታ ስም ሰላምታችን ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶን አንብበነዋል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የዘገየሁት መብራት እየጠፋ፣ ቤትም እንግዳ በዝቶብን ነው። ቅር አይበልሽ።

አባትሽ ሰላም ይልሻል። «ሥራሽን በደንብ ሥሪ፣ ሳትጨርሺ እንዳትመጪ» ይልሻል። እጁን ትንሽ ስላመመው ነው በራሱ ያልጻፈው። አታስቢ።

ዮኤልም ሰላም ብሎሻል። ጸልዪ፣ ምግብ ብዪ።

አክስትሽ ዘመነች

*

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፕ

ለአክስቴ ለእትዬ ዘመነች፦

እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። ያለፈው ቅዳሜ ስልኬን ስከፍት ከቤት ምንም የለም። ሁለት ሰዓቱን ሙሉ ስክሪኑን ሳይ ጨረስኩ። ዛሬ ደግሞ ደብዳቤዎ መጣ፤ ግን ገጹን እንኳ አልሞላም። እርስዎ እንዲህ አጭር ይጽፋሉ? እንግዳ የበዛው ማን መጥቶ ነው? የአባዬ እጅ ምን ሆነ፣ ቀኙ ነው ግራው? መጻፍ ካልቻለ ድምፁን ይላክልኝ። አንድ ደቂቃ ይበቃኛል።

ረቡዕ ዕለት ያየሁትን ልንገርዎ፤ ከሆዴ አልወጣም። ምሳ ላይ ነን። ኢንግሪድ መጥታ ማያን ወደ በረንዳው ጠራቻት፤ እኔም እንድከተል ምልክት ሰጠችኝ። ቁጢጥ ብላ ከልጅቷ ጋር እኩል ሆነችና «ማያ፣ አያትሽ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። እናትሽ ስልክ ላይ ናት» አለቻት። በቃ፣ ይቺው ናት! ልጅቷ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ እንኳ አልዋጠችም። አለቀሰች። ከዚያ «ስንት ሰዓት ላይ?» አለች። «ማን አብሮት ነበር?» አለች። ኢንግሪድ አንድ በአንድ መለሰችላት። እናቷ እስክትመጣ ድረስ ሦስታችን በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

እኔ ተናደድኩ። በኋላ ኢንግሪድን «እኛ አገር እንዲህ አይደረግም» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ይቆያል። ቤቱ እስኪደርስ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እስኪሰበሰብ ይቆያል።»

«እስከዚያ ከጠየቀስ?»

«ደህና ነው ይባላል» አልኳት።

ድንጋይ ናቸው እትዬ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን ድንጋይ ናቸው። ወጋችንን ያን ዕለት ናፈቅሁ።

ድምፁን እንዳትረሱ።

ልጅዎ ኤልሲ

*

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ለውድ ልጄ ለኤልሳቤጥ፦

የሰላም አለቃ ሰላሙን ያብዛልሽ። የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነትሽን ነው ልጄ። መርዶ እንደ ምሳ ደወል አይደወልም። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለበትም። እንዲህ ማሰብሽ እኔን ምን ያህል እንዳጽናናኝ አታውቂም።

አባትሽም ይህን ሲሰማ ደስ ብሎታል። «ልጄ ባህር ማዶ ሄዳም ወጓን አልረሳች» አለ። እጁ እየተሻለው ነው፤ ቀኙ ነው። እንግዶቹ ከሆሳዕና የመጡ ዘመዶች ናቸው፤ ተመልሰዋል። ዛሬ ድምፁን ቀድተን ዮኤል ልኮልሻል። ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር ሌላ ካልመጣ አትጨነቂ።

የቀረሽ ሦስት ሳምንት አይሞላም። በርቺ።

አክስትሽ ዘመነች

*

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፕ

ለእትዬ ዘመነች፦

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን በዮኤል በኩል አልላክሁም። ኢህሳን አትማ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። ኢህሳንን ያውቋታል፤ እቤታችን ስታጠና ያደገችው፣ አሁን ሳንሱሲ የምትኖረው።

ዛሬ ስልኬን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘሁት የእሷን መልእክት ነው። «ኤልሲዬ፣ አላህ ያጽናሽ። የአባባ ወንድሙ ቀብር ዕለት አራስ ስለነበርኩ አልደረስኩም፣ ይቅር በይኝ» ይላል። እኔ «የማን ቀብር?» ብዬ መለስኩላት። ጽፋ ሰረዘች። ደግማ ጽፋ ሰረዘች። በመጨረሻ ነገረችኝ። ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ።

ሐምሌ 8 ምን ሳደርግ እንደነበር ብዙ አስቤ አስታወስኩት። ጀልባ መቅዘፍ ስንማር ውሃ ውስጥ ወድቄ ልጆቹ ሳቁብኝ። እኔም ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። እናንተ ድንኳን ጥላችሁ፣ እኔ ስስቅ።

ያንን ድምፅ ባለፈው ቅዳሜ ለስምንቱም ልጆች አሰማኋቸው። «ኤልሲዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ በርቺ» ሲል ምን አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ማያ ከአያቷ ቀብር ተመልሳ ነበር። «እድለኛ ነሽ» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ በትንፋሽ።

ቢሮው ውስጥ ያተምኳቸውን የእርስዎን ደብዳቤዎች አውጥቼ በእርሳስ መሰረዝ ጀመርኩ። «ሳትጨርሺ እንዳትመጪ ይልሻል።» የእሱ አይደለም፣ ሰረዝኩት። «ወጓን አልረሳች አለ።» አላለም፤ ሰረዝኩት። ከሞተ በኋላ ቃል ሰጣችሁት። እኔ ደግሞ በእነዚያ ቃላት ተጽናንቼ እንቅልፍ ወስዶኛል። ስለ ማያ የጻፍኩትን የራሴን ደብዳቤ ይዘው «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉኝ። ያኔ ሬሳው ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ሆሳዕና ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች» አላችሁኝ። ሁለት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ ከፈትኩ። የሰማሁት ከሰፈር ልጅ ነው። ያን ዕለት አባዬ ተንበርክኮ «ሁለተኛ አልዋሽሽም። ማንም እንዲዋሽሽም አልፈቅድም» አለኝ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ሰምተዋል። እሱ ቃሉን እስከ ሞቱ ድረስ ጠብቆልኛል። ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፤ ያውም በእሱ ስም።

እንዴት ሞተ? ማን አብሮት ነበር? ስንት ሰዓት ላይ?

ኤልሳቤጥ

*

ሰኞ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ

ልጄ፦

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? የሚያጽናና አምላክ ያጽናሽ። አፍሬ ነው የምጽፍልሽ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ማክሰኞ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ወጣ። ሱቁን ከፍቶ አጠናው ክምር ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ካለው ነጋዴ ከነገሬ ጋር እያወሩ ነበር፤ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው፣ ስለ ትንፋሿ ሴትዮ። ደብዳቤሽን ኪሱ ይዞት ነበር። «ነገሬ፣ እስቲ ውሃ አቀብለኝ» አለ። ነገሬ ውሃውን ይዞ ሲዞር አለቀ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። አልተሰቃየም። እኔ የደረስኩት በኋላ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አቶ በዛብህ «ልጅቷ ሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ፕሮግራሟን ትጨርስና ስትመጣ እናረዳታለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። አልዋሽሽም፣ ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ «ደብዳቤውን አንቺ ጻፊ፣ ያንቺን እጅ ታምናለች» አሉኝ። ወንድሜን ቀብሬ፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ጓዳ ገብቼ «አባትሽ ሰላም ይልሻል» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ወረቀት በእንባ ተበላሸና ቀደድኩት። ለዚህ ነው ያጠረው።

ድምፁ ግን የእሱ ነው። ሰኔ 29 እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ላንቺ ብሎ የቀዳው ነው። «አላማረም፣ ሌላ ጊዜ እደግመዋለሁ» ብሎ አስቀረው። ቃሉ የእሱ ነው ልጄ፤ የእኛ ቀኑ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ማክሰኞ ነሐሴ 13 ስትገቢ ሽማግሌዎቹና ፓስተሩ በማለዳ ሊያረዱሽ ተዘጋጅተዋል። ከሆሳዕናም ሰው ይመጣል። ዮኤልም ሆነ ሌላው ማወቅሽን አያውቅም። አስቀድመሽ መስማትሽ ከተሰማ «ዘመነች ናት አፏ ያላረፈው» ይሉኛል፤ ቤቱ ይከፋፈላል። አንድ ጠዋት ብቻ እንደማታውቂ ሆነሽ ግቢልኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተቆጪኝ።

አክስትሽ

*

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካምፕ

ለእትዬ ዘመነች፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኢንግሪድ ስልኬን ከቅዳሜ ጀምሮ መልሳልኛለችና ደብዳቤዎ በኢህሳን በኩል ደረሰኝ። ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ነገሬና ስለ ውሃው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ደብዳቤዬ ኪሱ ውስጥ እንደነበር ማንም ሌላ ሰው አይነግረኝም ነበር።

የቀረውን ግን አልቀበልም። «የእኛ ቀኑ ብቻ ነው» አሉኝ። የወሰዳችሁብኝ እኮ ቀኑን ነው። ሐምሌ 8ን ወሰዳችሁብኝ። ቀብሩን ወሰዳችሁብኝ። ለኢንግሪድ ስነግራት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየችና «በዚያው ማታ እናሳፍርሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ለቀብሩ ባልደርስ እንኳ ድንኳኑ ሳይነሳ እደርስ ነበር። ይህን ስሰማ ነው ከሰማሁበት ዕለት በላይ የወደቅሁት።

ያነሳኝ ሰው እንደነበር ይወቁት። ጀልባዎቹ የሚቀመጡበት ቤት ገብቼ ጮህኩ፣ በእኛ ጩኸት። ሱልቬግ ሰምታ መጣች። ድንቿን በባልዲ ይዛ ከጎኔ ተቀምጣ ላጠች። አልነካችኝም፤ አንድ ቃልም አልተነፈሰችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እዚህ ሰው አብሮ አያለቅስም እትዬ። ለዚያ እናንተን ፈለግሁ። የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ከእኔ ጋር የምታለቅሱትን ያለ እኔ አልቅሳችሁ ጨረሳችሁት። አሁን የቀረኝ አስቀድሞ የተሰናዳ ጠዋት ነው፤ የሚያውቁ ሰዎች መሃል የማያውቅ መስዬ እንድቆም።

ኢንግሪድ «ምን እንድናደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ነገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቲኬቴ ተቀይሯል። የምገባው ማክሰኞ አይደለም፤ አርብ ነሐሴ 9 ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ለአቶ በዛብህና ለዮኤል በዚህ ሰዓት እየጻፍኩላቸው ነው። ማወቄን፣ ያወቅሁትም ከእርስዎ እንዳልሆነ። ስለዚህ ማንም በእርስዎ አይፈርድም። የእርስዎና የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ኤርፖርት የሚቀበለኝ ሰው አይብዛ። እርስዎ ብቻዎን ይምጡ። ሰው አታሰልፉ፣ ድንኳን አትጣሉ። ከዚያ ቀጥታ መቃብሩ ጋ ይወስዱኛል።

ስንገናኝ አይሳሙኝ። አስቀድመው አጠገቤ ቆመው፣ ዓይኔን እያዩ፣ በራስዎ አፍ «አባትሽ ሞቷል» ይበሉኝ። እንደማላውቅ ሆነሽ ግቢ ብለው ለምነውኝ የለ? ለዚያች ደቂቃ እሆንልዎታለሁ፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቆሜ ከእርስዎ እሰማዋለሁ።

ከዚያ ነው የማቅፍዎት።

ኤልሳቤጥ ወንድሙ